ፈራሚው ግለ ሂስ ላይ ነው

ከኤርፖርት ወደ ሊልበርን ከተማ በሚወስደን የሻትል መኪና ውስጥ፣ ከኋላዬ የተቀመጠች ሴት ስልኳን ዘግታ በረጅሙ ተነፈሰች። አጠገቧ ያሉት ሽማግሌ ጠየቋት።

«ምነው ልጄ?»

«የምግብ ቤቴ ወንበሮች ቻይና ወደብ ላይ ቀሩ፣ አባባ! ቅዳሜ ልከፍት ነበር። የመላኪያ ፈቃዱን የሚፈርመው ባለሥልጣን የለም።»

«ታሞ ነው?»

«ኧረ ምን ይታመማል! ፓርቲው ግለ ሂስ ጻፍ ብሎት እየጻፈ ነው። ዕቃ የሚያስጭንልኝ ኤጀንቴ እንደነገረኝ፣ የጻፈውን ሁለቴ መልሰውበታል።»

«ምን ብሎ ጻፈ?»

«ሥራ አዘገየሁ ብሎ።»

«ሞኝ! ለፓርቲው ያለኝ ታማኝነት ላልቷል ተብሎ ነው የሚጻፈው። አሁን እሱን አንስተው ሥራ የማያውቅ ታማኝ ያመጡልሻል።»

«እርስዎ በምን አወቁ?»

«እኔስ የቀበሌ ሊቀመንበር የሆንኩት እንዴት ይመስልሻል?»

ከዚያው ወደብ የሚመጣ ጫማ የምጠብቅ ነጋዴ ነኝና፣ ልደውል ስልኬን ከኪሴ አውጥቼ መልሼ ከተትኩት።