ፀሐይ የሚገባበት መኝታ ቤት

ከሐይቅ ወደ ውጫሌ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠች ሴት አጠገቧ ላሉት አዛውንት ታወራለች።

«አባባ፣ ማዘጋጃ ቤቱ የቤቴን ፕላን መለሰብኝ!»

«ተመልሶብሽ ነው እንዲህ የምትስቂው?»

«አልሐምዱሊላህ ነው እንጂ! የእማን መኝታ ቤት ፀሐይ እንዳያገኘው አድርጌ ነበር ፕላኑን ያሠራሁት።»

«በአምባሰል ብርድ? እናትሽ ምን አደረገችሽ?»

«ሳውዲ ከፀሐይ ስሸሽ ኖሬ ለምዶብኝ ነው!»

«ታዲያ ምን አሉሽ?»

«መስኮቱን ወደ ምሥራቅ አዙሪው፤ ከቆርቆሮው ሥርም ኮርኒስ አድርጊ፤ የቀኑ ሙቀት እንዲያድርልሽ አሉኝ።»

«አጃኢብ ነው!»

«እማ ከእንግዲህ ለሙቀት ብላ ቤት ዘግታ ከሰል አታነድም። ባለፈው አፍኗት በአላህ ነው የተረፈችው።»

«የእኔን ቤት ያዞሩልኝ ይሆን?»

«የቆመውን እንኳን እንጃ አባባ፣ ኮርኒሱን ግን ይጠይቋቸው!»

እኔም የሚኒባሱን መጋረጃ ቀስ ብዬ ከመስኮቱ ላይ ሰበሰብኩት።