የበር ቀለም በልጅ መጫወቻ ላይ

አናጢው ቀይ ዘይት ቀለም ገዝቶ ከመደብሩ ሊወጣ ሲል ከእህቱ ልጅ ጋር በር ላይ ተገጣጠመ። እሷ በሙያ ትምህርት ቤት ተምራ፣ በከተማው አዲስ በተከፈተው የመጫወቻ ፋብሪካ ጥራት ተቆጣጣሪ ሆና ከተቀጠረች ዓመት አልሞላትም። ፋብሪካው ከውጭ የሚመጣውን መጫወቻ በአገር ምርት ሊተካ ተነስቶ የእንጨት ሥራውን ለሰፈር አናጢዎች ሲያከፋፍል፣ ለእሱም ሠላሳ ትንንሽ መኪና ደርሶት ነበር። ሰው ሁሉ ተገጣጣሚ የቤት ዕቃ መግዛት ከጀመረ ወዲህ የአናጢው መጋዝ እረፍት ለምዷል። ይህ ትእዛዝ ከተበላሸ ወርክሾፑን መዝጋቱ ነው።

ስለ እናቷ ጤና፣ ስለ እሱ የጉልበት ሕመም ተጠያየቁ። ከዚያ ዓይኗ በያዘው ቆርቆሮ ላይ አረፈ።

"ጋሼ፣ ይሄ ለመኪኖቹ እንዳይሆን ብቻ?"

"ታዲያ ፊቴን ልቀባው ኖሯል?" አላት እየሳቀ። "የዚህን ከተማ ግማሽ በር የቀባሁት በዚሁ ነው። ፀሐይም ዝናብም አልበገረው።"

"በሩን ማንም አይልሰውም እኮ ጋሼ። እንዲህ ያለው ቀለም እርሳስ የሚባል መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል። ልጅ ሆድ ከገባ አእምሮውን ቀስ በቀስ ይጎዳል፤ ቶሎም አይታወቅም። ፋብሪካው ለመጫወቻ የተመረመረ ቀለም አለው፣ ከዚያ ይውሰዱ። በዚህ የተቀባ ከመጣ ግን፣ የእርስዎም ቢሆን መመለሴ አይቀርም።"

አናጢው ክፉ ሰው አይደለም። ነገር ግን አርባ ዓመት በሙያው የተከበረ ሰው፣ አዝሎ ያሳደጋት ልጅ ባለሱቁ እየሰማ ስታርመው ደሙ ቢፈላ አይፈረድበትም።

"እኛ የተገኘውን እየነከስን ነው ያደግነው" አላት። "ይኸው አለን።"

"ያለነውንማ እናያለን ጋሼ። የተጎዱትን ማን ቆጠራቸው?"

አናጢው ቆርቆሮውን አንጠልጥሎ፣ ደህና ዋይ እንኳ ሳይላት ሄደ።

ለምሳ ቤቱ ሲገባ የልጁ ልጅ፣ ገና አስር ወር ያልሞላት ሕፃን፣ ወለል ላይ ተቀምጣ ለሙከራ የሠራላትን መኪና ይዛለች። አነሳው። ከበር ሥራ በተረፈው በዚያው ዓይነት ቀይ ቀለም ያሳመረው አፍንጫው ነጭ እንጨት ሆኗል።

"ይሄን ማን ፋቀው?" ሲል ልጁን፣ የሕፃኗን እናት፣ ጠየቃት።

"ማን ይፍቀዋል አባዬ። ድዷን ሲበላት በሱ ነው የምታስታግሰው። ጥሩ ነገር ሠራህላት።"

አናጢው ጎንበስ ብሎ ወለሉን ፈለገ። አንድም የቀለም ፍርፋሪ አላገኘም። ከዚያ ምሳውን ትቶ ሕፃኗን አቀፈና ከእናቷ ጋር ወደ ክሊኒክ ሮጠ።

የደም ምርመራው ውጤት እስኪመጣ ሦስት ቀን ፈጀ። በእነዚያ ቀናት መጋዝ አልጨበጠም፣ እህልም እሺ አላለው። በመጨረሻ ሐኪሙ፣ መርዙ በደሟ ውስጥ ጥቂት ቢገኝም በጊዜ እንደደረሱና ክትትል ብቻ እንደሚበቃት ነገራቸው። አናጢው ከዚያ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ፋብሪካው ሄደ።

"ልጄ፣ በሰው ፊት አኩርፌሽ ሄጃለሁ፤ ይቅር በይኝ" አላት። "አሁን እንደ ጀማሪ ቁጠሪኝና አስተምሪኝ።"

አስተማረችው። ማዕዘኑን በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ፣ በሚስማር ፋንታ የእንጨት ችንካር መምታት፣ ጎማው ተነቅሎ ልጅ እንዳያንቅ አጥብቆ ማሰር፣ የተመረመረውን ቀለም መቀባት። ሠላሳዎቹ መኪኖች አለፉ፤ ከፋብሪካው የገዟቸው መዋዕለ ሕፃናትም ደግመው አዘዙ። የውጩን ብቻ ይመርጡ የነበሩ እናቶች የአገራቸውን መጠየቅ ጀመሩ፣ ሥራ ፈተው የነበሩ አናጢዎችም ወርክሾፓቸውን ከፈቱ። የአገር ምርት ነውና ግዙን ማለት ልመና ነው፤ ልጃችሁን አይጎዳም ብሎ ማቅረብ ግን ሙያ ነው።

አንድ ቀን ሥራውን ሊያይ የመጣ ጎረቤት አናጢ፣ ሽማግሌው ያለቀለትን መኪና ሁሉ እያነሳ በጥርሱ ሲነክስ፣ ከዚያም የነከሰውን ወደ ብርሃን አቅርቦ ሲያገላብጥ አገኘው።

"ምን ነክቶሃል ሰውዬ?" አለ እየሳቀ።

ሽማግሌው አልሳቀም።

"የልጅ ልጄ ሳታውቅ ቀምሳልኛለች" አለው። "ከእንግዲህ ቀማሹ እኔ ነኝ።"