የውሃ አባት የማይችለው

ከአጣዬ ገበያ የሚመለሰው አይሱዙ ጀውሃ ላይ ጎማው ፈነዳና ተሳፋሪው ወርዶ በመኪናው ጥላ ሥር ተኮለኮለ። ጊዜው የሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ሦስት ግንቦት ነው፤ የይፋት ቆላ ፀሐይ ደግሞ ሰው አይመርጥም። አቶ ገብረሚካኤል የሽንኩርት ዘራቸውን በጉያቸው ይዘው ጥግ ሲፈልጉ፣ «ጋሼ፣ እዚህ ይቀመጡ» ብላ የተነሣችላቸው የጎረቤታቸው የአቶ በቀለ ልጅ ሳምራዊት ሆነች። ሸዋ ሮቢት ሥነ ዜጋ የምታስተምር፣ የገብረሚካኤል ሚስት ትርንጎ ክርስትና ያነሣቻት ልጅ ናት።

ተቀመጡ እንጂ ደስ አላላቸውም። ልጅቷን ባዩ ቁጥር የሚታያቸው አባቷ ነው። ከበቀለ ጋር አብረው አድገው፣ በአንድ ዓመት መሬት ደርሷቸው፣ የበቀለ ሽንኩርት ሁልጊዜ በሳምንት ቀድሞ ይደርሳል። የበቀለ ቤት ቆርቆሮ ለበሰ። የበቀለ ልጅ አስተማሪ ሆነች፤ የሳቸው ልጅ ፍቅሩ ግን ትምህርቱን ጥሎ የመኪና ረዳት ሆነ። ቅናት አረም ነው፤ ማንም ሳያጠጣው ይለመልማል።

«የውሃ አባት ምርጫ እሑድ ነው አሉ» አለች ሳምራዊት።

ከሮቢ ወንዝ የሚጠለፈውን ውሃ ለገበሬው በተራ የሚያከፋፍለው ሰው የውሃ አባት ይባላል። አሮጌው በሁዳዴ አርፈዋል። በልማዱ የውሃ አባት አንዴ ከተመረጠ እስኪሞት ነው፤ ቃሉም ሕግ ነው። ያጠፋ የመሰለውን ሰው ተራ ይነፍጋል። ባለማሳ ሲሞት ደግሞ የሟቹ ተራ በሱ እጅ ይገባና ለወደደው ይሰጠዋል።

«ሽማግሌዎቹ እኔን አስበዋል» አሉ ገብረሚካኤል። ልባቸው ውስጥ ያለውን ግን አልተናገሩም፤ የበቀለን ተራ ወደ ቦዩ ጅራት ማውረድ ነበር።

«ይቅናዎት። ግን ከምርጫው በፊት የውሃ አባት የሚችለውና የማይችለው በወረቀት ቢጻፍ።»

«አባትሽ ነው የላከሽ። ፈራኝ ማለት ነው።»

«አባቴማ አልወደደውም። ደግ ሰው ከተመረጠ ወረቀት ምን ይሠራል አለኝ።»

«በዕድሜው አንድ ቀን እውነት ተናገረ።»

ሳምራዊት ሣቀችና ነጠላዋን አስተካከለች። «አሜሪካኖች ከንጉሥ ተጣልተው አገራቸውን ሲያቆሙ ደግ መሪ ከየት እናምጣ ብለው አልጀመሩም፤ ክፉ ሰው ቢቀመጥበትስ ብለው ነው የጀመሩት። መንግሥት የሚችለውን በሕገ መንግሥት ቆጥረው ጻፉለት። ከዚያ የማይነካውን ጨመሩ፤ የሰው እምነቱ፣ አንደበቱ፣ ያለ ፍርድም ንብረቱ አይነካ አሉ። የመጀመሪያው መሪያቸው እንኳ ሁለት የሥልጣን ዘመን አገልግሎ ወደ እርሻው ተመለሰ።»

«በገዛ እጁ?»

«በገዛ እጁ።»

«ሞኝ ነበር በይኝ። እነሱስ ቢሆኑ ባሪያ ይገዙ አልነበር?»

«ይገዙ ነበር። ነውራቸው ነው፤ ብዙ ደምም አስከፍሏቸዋል። ግን ጋሼ፣ እንዲያ ያለ ጽሑፍ የጻፉት እንኳ ጻድቅ ካልሆኑ፣ ልክ የሌለው ሥልጣን ለማን ይታመናል?»

«መንግሥት አባት ነው ልጄ። አባት እጁ ከታሰረ ሌባውን ማን ይይዘዋል?»

«ሌባ መያዙ ይጻፍለት። ቦይ ማስጠረጉ፣ ተራ መጥራቱ፣ የተጣላ ማስታረቁም ይጻፍ። ሰው በማሳው ሽንኩርት ይዝራ ማሾ ይዝራ ግን ምን አገባው? እሱ የባለማሳው ነው።»

«የኛስ አገር ሕገ መንግሥት አለው አይደል?»

ሳምራዊት አጠገባቸው ያንቀላፋውን የቀበሌ ሰው አየት አድርጋ ድምፅዋን ቀነሰች። «አለው፤ መልካም ነገር ተጽፎበታል። ግን ወረቀት ራሱ አይናገርም። የሚሠራው ያነበበው ሰው ‹ይህን አይችሉም› ሲል ነው።»

«ያን ያለውን ሰው ከእስር ቤት ጠይቂልኝ» አሉ ገብረሚካኤል፤ ሁለቱም ሣቁ።

«እርስዎ ደግ ነዎት እንበል» አለች ቆይታ። «ግን ምርጫ ነው። የማዶ ገበሬዎቹ እነሙሳ አባቴን ጠቁመዋል።»

ገብረሚካኤል የዘሩን ከረጢት ጨበጥ አደረጉ። «በቀለን?»

«አባቴን። አሸነፈ እንበል፤ እስኪሞት ነው። ተራዎን ቢነፍግዎ ለማን አቤት ይላሉ?»

በቀለ በቦዩ አፍ ላይ ዱላውን ተደግፎ «ገብሬ፣ ተራህ አልደረሰም» ሲላቸው ታያቸው። ለበቀለ ያሰቡለት ሁሉ ዞሮ በራሳቸው ማሳ ላይ ወረደ። አንባቢ ሆይ፣ የሥልጣን ልኩ በወዳጅ እጅ ሲያዩት አይታወቅም፤ በሚቀኑበት ሰው እጅ ሲያስቡት ግን ወዲያው ይታወቃል።

ጎማው ተቀይሮ ሹፌሩ ሲጣራ ገብረሚካኤል ከተቀመጡበት ሳይነሡ፣ «ጻፊ» አሉ። «ተራ አይነፍግም። የሟች ተራም ከቤቱ አይወጣም። ሁለት ዓመት ይብቃው።»

«ለአባቴ ብቻ ነው ለእርስዎም?»

«ለአባትሽ ነበር ያሰብኩት» አሉና ከረጢታቸውን ይዘው ተነሡ። «እንግዲህ ለኔም ይሁን።»

እሑድ ወረቀቱ ተነበበ። መጀመሪያ አውራ ጣታቸውን ያሳረፉበት ገብረሚካኤል ናቸው፤ ቀጥለው በአራት ድምፅ ብልጫ ተመረጡ። በሁለተኛው ዓመት ድርቅ ገባና ወንዙ ቀጠነ። በበቀለ ተራ ቀን ገብረሚካኤል አካፋቸውን ይዘው በቦዩ አፍ ላይ ቆሙ፤ ከወዲያ የሳቸው ማሳ ተሰነጣጥቋል፣ ከወዲህ የበቀለ ሽንኩርት ያብረቀርቃል። ሙሳ ከማዶ ሆኖ፣ «ጋሼ፣ ወረቀቱን ላምጣው?» አለ። «አውቀዋለሁ» አሉና ጥርሳቸውን ነክሰው ከፈቱለት።

ዘመናቸው ሲያልቅ የተመረጠው በቀለ ነው። የውሃ አባቱን ዱላ ሲያስረክቡት እንደ ምርቃት አስመስለው፣ «ሁለት ዓመት ብቻ» አሉት።

ይህ ወረቀት ከተጻፈ ወዲህ ተራውን ሊጠብቅ ቦይ ላይ የሚያድር የለም፤ በውሃ ጠብ የተፈነከተም አልተሰማም። ተራው እንደማይነጠቅ ያወቀ ገበሬ ግማሹን መሬት ጦም ማሳደሩን ትቶ ሁሉንም ዘራው። የውሃ አባትነትም የሚያስቀና ነገር መሆኑ ቀረ፤ ሥራ ብቻ ሆነ።

በበቀለ ዘመን ገብረሚካኤልን በጥቅምት ወባ ወሰዳቸው። አርባቸው ሳይወጣ ተራቸው ደረሰ። የዚያን ሳምንት የበቀለ ሽንኩርት ጠውልጎ ነበር፤ በአሮጌው ልማድ ደግሞ የሟች ተራ የውሃ አባቱ ነው። ትርንጎ ጥቁሯን እንደለበሰች፣ የባሏን አካፋ ይዛ ከቦዩ ዳር ቆመች። በቀለ የራሱን ማሳ አየ፣ እሷን አየ፣ ብዙ ቆየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የቦዩን አፍ የዘጋውን ድንጋይ አነሣና ውሃውን ወደ ሟቹ ማሳ ለቀቀው።

«አበልጅ» አላት ጭቃውን ከእጁ እያራገፈ፣ «ከልጅነታችን ጀምሮ እቀናበት ነበር። ይኸው ሞቶም ቀደመኝ።»