ጭረት ያለበት ምርቃት

የተከበርሽ እህቴ፣ የሟቹ ወንድማችን የመርፌ ባለቤት፤ ልጆቹ፤ የሠፈራችን አባቶችና እናቶች፤ በሥራ ቀን ሱቃችሁን ዘግታችሁ የመጣችሁ ሁሉ፤ እግዜር ያክብራችሁ። የቆማችሁ ታገሡኝ፤ አላረዝምም። የምናገረው ግን ለስላሳ አይደለም። ለስላሳ ንግግር የፈለገ፣ ከእኔ ቀጥሎ የሚናገር ሰው አለ። አበባ ይዞ እዚያ ቆሟል። ወደ እሱ እመጣለሁ።

እኔ ሬዲዮና ቴፕ ጠጋኝ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም፤ የተበላሸ እየፈታሁ ነው የለመድኩት። ከመርፌ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን፣ በኮምፖንሳቶ ለሁለት ከፍለን ስንሠራ ኖርን። በእኔ በኩል የብየዳ ጭስ፣ በእሱ በኩል ሙዚቃ። መርፌ ያልነው ቀጭን ስለነበር ብቻ አይደለም። የሸክላ ማጫወቻውን መርፌ ከእሱ በቀር ማንም እንዲነካ አይፈቅድም ነበር።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ከመካከላችሁ መርፌ ካሴት ያልቀዳለት ማን ነው? በጉርምስናችሁ ሮክ ያሰማችሁ ማን ነው? መርፌ ነው። የሠርጋችሁን ፖፕ የመረጠላችሁ ማን ነው? መርፌ ነው። ብሉዝ የሚባል ነገር መኖሩንስ ማን ነገራችሁ? መርፌ ነው።

ምርቃቱን ታስታውሳላችሁ። ካሴቱ መጨረሻ ላይ ቦታ ከተረፈ፣ ሳታዝዙት አንድ የድሮ ብሉዝ ይጨምርላችኋል። ሁልጊዜ ያንኑ። ጊታር ይዞ ባቡር ጣቢያ ላይ ሴት የሚለምን ሰውዬ። እዚህ ፊቴ የቆመችው ልብስ ሰፊ አንድ ቀን እየተንጨረጨረች መጣች።

«መርፌ፣ እኔ ያዘዝኩህ መጨፈሪያ ነው። ይሄ መጨረሻ ላይ የሚያለቃቅሰው ሰውዬ ማነው?»

«ምርቃት ነው።»

«ለቅሶ ይመረቃል እንዴ?»

«ካልፈለግሽው አጥፊው፤ ማጥፊያው እዚያው ነው።»

በሳምንቱ ተመለሰች። በሩ ላይ ቆመች፤ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። «ያ አልቃሻ ሰውዬ ሌላ ዘፈን የለውም?» አለች። መርፌ አልሳቀባትም። እኔ ግን ከኮምፖንሳቶው ማዶ ሆኜ ሳቅሁ። ዛሬም ይቅርታ አልጠይቃትም።

ያ ሸክላ ጭረት ነበረበት። ዘፋኙ በቋንቋው «ጠብቂኝ» የሚልበት ቦታ ሲደርስ መርፌው ወደ ኋላ ይዘላል። ወንድማችን በትንሽ ጣቱ ገፋ ያደርገዋል። ስለዚህ በእሱ ካሴት ላይ ሰውዬው «ጠብቂኝ» ይላል፤ ጠቅ ይላል፤ እንደገና «ጠብቂኝ» ይልና ይቀጥላል። ዘፋኙ ያለው አንድ ጊዜ ነው። እኛ ግን ዘፈኑን ያወቅነው እንደዚያ ነው፤ ሠፈሩ በሙሉ ሁለቴ እያለ ዘፈነው።

አሁን ወደ አንተ። አበባ ወደያዝከው፣ ወደ ሬዲዮ አዘጋጁ። ሰው ሁሉ አንቱ ይልሃል፤ እኔ አልልህም።

«ጋሼ፣ ለአንድ ዝግጅት ብቻ ነው፤ እንደ ዓይኔ ብሌን እጠብቃቸዋለሁ» ብለህ ወደ መርፌ መጣህ። ሸክላውንም ካሴቱንም በሣጥን በሣጥን ወሰድክ። መርፌ ራሱ ተሸክሞ መኪናህ ላይ ጫነልህ። አልመለስክም።

ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ በሬዲዮ ሰማንህ። «ከባሕር ማዶ ራሴ ያመጣሁት ሸክላ ነው፤ አንዲት ጭረት የለበትም» አልክ። ዘፈኑን ለቀቅከው። «ጠብቂኝ» አለ። ጠቅ አለ። «ጠብቂኝ» አለ። መበየጃዬን ጥዬ ወደ መርፌ ሮጥኩ። መርፌስ ምን አለ? «ተወው፤ ሰው ሰማው አይደል?» አለኝ። እሱ ተወው። እኔ አልተውኩም። እሱ የዋህ ነበር፤ እኔ አይደለሁም።

ይህ ብቻ ቢሆን ዛሬ ዝም ባልኩ ነበር። መርፌ ታሞ አልጋ ላይ ሲወድቅ ያንን ዘፈን ናፈቀ። ለእኛ የቀዳልን ካሴቶች በእርጅና ተበጥሰው አልቀው ነበር። እህቴ፣ ባለቤቱ፣ ሬዲዮ ጣቢያህ በር ድረስ መጣች። ሣጥኖቹን አልጠየቀችህም፤ ያ ዘፈን ያለባትን አንዷን ካሴት ብቻ ነው። ዘበኛው ሲደውልልህ ምን አልክ? «እንደዚያ የሚባል ሰው አላውቅም» አልክ። ዛሬ አወቅከው? ሲቀበር አወቅከው? «የሙያ ወዳጄ ነበር» ልትለን ነው የመጣኸው?

ካሴቱ ሲጠፋ እኔ ዘፈንኩለት። ድምፄን ታውቁታላችሁ፤ ዘይት ያጣ በር ነው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ዘፈንኩለት። «ጠብቂኝ» የምትለዋ ቃል ላይ ስደርስ ጉልበቴን መታ አድርጌ ደገምኳት። ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «ጭረቷን አልዘለልካትም» አለኝ። የመጨረሻ ቃሉ ይህ ሆነ።

በቀብር ላይ እንዲህ አይባልም የምትሉ አላችሁ። ታዲያ የት ይባል? ማይክሮፎኑ የዚህ ሰው ነው፤ ሬዲዮው የዚህ ሰው ነው። እኔ ያለኝ ይህ የአፈር ክምርና የእናንተ ጆሮ ነው።

እንግዲህ ዘፈኑን እጀምራለሁ፤ ተቀበሉኝ። ቋንቋውን የማታውቁም ተቀበሉኝ፤ ያኔም አታውቁትም ነበር።

...

ሰማህ? ልብስ ሰፊዋ ሁለቴ አለች። እዚያ ጥግ ያለው ሾፌር ሁለቴ አለ። ልጆቹ ሁለቴ አሉ። የአንተም ከንፈር ሁለቴ ተንቀሳቀሰ፤ አየሁህ! ያቺ ጠቅታ የመርፌ ጣት ናት። ስሙን ልትፍቅ ትችላለህ፤ ጣቱን ግን አትፍቀውም።

ሣጥኖቹን እህቴ ቤት ትመልሳለህ፤ በራስህ ትከሻ ተሸክመህ። የማን እንደሆኑም በዚያው ሬዲዮ ትናገራለህ። እምቢ ካልክ፣ ዘፈኑን በለቀቅክ ቁጥር ይህ ሁሉ ሰው በጠቅታዋ ውስጥ «ሌባ» የሚል ይሰማል። እኔም በርህ ላይ ነኝ። ጠብቀኝ።

መርፌ፣ ወንድሜ። ተወው እያልከኝ እንደሆነ አውቃለሁ። በሕይወትህ ያልሰማሁህን አሁን አልሰማህም። ኮምፖንሳቶው እንደቆመ ነው፤ መደርደሪያህም ባዶውን ይጠብቃል። እሱን ሳልሞላ ወደ አንተ አልመጣም። ያቺን ካሴት ሳላስመልስ አልመጣም። ከዚያ በኋላ ግን የምቀርበት ጉዳይ የለኝም።

ደኅና ሁን፣ ወንድሜ። ጠብቀኝ።

ጠቅ።

ጠብቀኝ።