ቀይ ፖም ያለበት ጠርሙስ

ስሙኝማ፣ እርጉዝ ሆኜ ነው ይሄ የደረሰብኝ። ኬንያ ሞያሌ ጨርቅ ስገዛ ውዬ ጉሮሮዬ ሲደርቅ አንድ ሱቅ ገባሁና ቀይ ፖም የተሳለበትን ጠርሙስ በጣቴ አሳየሁ። እኛ ከኢትዮጵያ በኩል የምንሻገር ሴቶች ጽሑፉን አናነብም፣ በሥዕሉ ነው የምንገዛው። በኛ በኩል ፖም ያለበት ጠርሙስ ደግሞ አልኮል የሌለው ማልት ነዋ! ቀዝቅዟል፣ ይጣፍጣል፤ ግማሹን በአንድ ትንፋሽ ጨለጥኩት።

ሁሌ በቦዳ ቦዳ ሞተሩ የሚያመላልሰኝ ጋልጋሎ ከበር ሆኖ አየኝና "ኧረ ዘይነባ! ይሄ እኮ ፖምቤ ነው፣ መጠጥ!" ብሎ ጮኸ። ጠርሙሱን ነጠቀኝና ከጀርባው ያለችውን የጉንዳን እግር የምታህል ጽሑፍ አነበበልኝ፦ "አልኮል አለው። እርጉዝ ሴት እንዳትጠጣ።" ያ ረቢ! ሆዴን በሁለት እጄ ያዝኩ። ፖሙ መዳፌን ያክላል፣ ማስጠንቀቂያውን ግን ለማየት ጋልጋሎ እንኳ ዓይኑን አጨንቁሯል። "እንዴት ዝም ትያለሽ? ሆዴ አይታይሽም?" ብዬ ባለሱቋ ላይ ጮህኩ።

እሷ ምንም አልመሰላት። በተሰባበረ አማርኛዋ "ተጽፎበታል እኮ" አለችኝ። "ደግሞ ምን ያስደነግጥሻል? ከናንተ በኩል የሚመጡ እርጉዞች ሁሉ ይሄን ነው የሚወስዱት፤ ማቅለሽለሹን ያስታግስልናል ይላሉ።"