በወረቀት የመጣ ጥያቄ

ጧት ከነፋስ ስልክ ወደ ሳሪስ በሚሄደው ውይይት ታክሲ ውስጥ ጉልበት ለጉልበት ገጥመን ተቀምጠናል። ከፊቴ አንዲት የልብስ ስፌት ሠራተኛና የፋብሪካቸው የውይይት ክበብ ጸሐፊ ይነታረካሉ።

“እትዬ ዘነበች፣ የሚጠይቁትን በወረቀት ጽፌ ሰጥቼዎት ነበር እኮ።”

“ሰጥተኸኛል።”

“ታዲያ ትናንት በውይይቱ ላይ ምነው ሳያነቡት ቀሩ?”

“መልሱን ከሥሩ ጽፈኸው የለ? የማውቀውን ምን ብዬ ልጠይቅ?”

“ለተናጋሪው እንዲመች ነዋ!”

“ተናጋሪው ‘ሳይንሳዊ አስተሳሰብ ማለት ሁሉን መጠየቅ ነው’ አለ። እኔም ‘ታዲያ ጥያቄውን ለምን እናንተ ትጽፉልናላችሁ?’ አልኩት። ምን አጠፋሁ?”

“አዳራሹ በሙሉ ሳቀ!”

“ሳቁንም በወረቀት ልታድሉን ኖሯል?”

ከጎናቸው የተቀመጠው ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ጸሐፊው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

“ይስሙኝ እትዬ። ዛሬ በስብሰባው ፊት ግለሂስ ካላደረጉ ከስፌት አንስተው ጽዳት ላይ ይመድቡዎታል።”

“አሥራ አራት ዓመት ከሰፋሁ በኋላ?”

“እኮ! ለዚህ ነው የተጨነቅሁት። ይኸው፣ የግለሂሱን ቃል ጽፌልዎታለሁ። ማንበብ ብቻ ነው።”

ሴትዮዋ ወረቀቱን ተቀብለው እስከ መጨረሻው አነበቡት።

“ጥፋቴንም አንተ ጻፍክልኝ?”

“ለእርስዎ ብዬ ነው፣ እናቴን!”

“እግዜር ይስጥህ፣ ጓድ ጸሐፊ። እንግዲያው መጥረጊያውን አዘጋጁልኝ።”

ወረቀቱን አጥፈው ጭኑ ላይ አስቀመጡለትና “ወራጅ አለ!” ብለው ተነሡ።

እኔም ለቀበሌው በዓል እንዳነበው ታርሞ የተመለሰልኝን ግጥሜን ከኪሴ አውጥቼ፣ በቀይ የተሰረዙትን ስንኞች በቃሌ ማጥናት ጀመርኩ።