በደንገል የተሸፈነው መደብ

ጣሊያኖች ባሕር ዳር ሲሰፍሩ የደብራችንን ወይራ ለማገዶ ቆረጡት። መሪጌታው ከቅርንጫፉ ዘጠኝ ቁራጭ ሰጡኝና፣ «የሐይቁን አሸዋ ከአፈር ቀላቅለሽ ትከያቸው፤ ጥላም አብጂላቸው። ሥር እስኪሰዱ ግን እንዳትነቀንቂያቸው፣ ሌላ ዘር የለንም» አሉኝ። ከጓሮዬ መደብ አበጅቼ ተክዬ፣ ከሐይቁ ዳር በታጨደ ደንገል ሸፍኜ፣ ጠዋት ማታ ውኃ እያርከፈከፍሁ ስጸልይ ከረምሁ። አንድም ቀን አልነካኋቸውም።

አንድ ቀን የጣሊያን መኮንን ካስተርጓሚው ጋር መጣ። መኮንኑ ከአጥሩ በር ላይ ቀረ፤ አስተርጓሚው ጠመንጃውን እንዳነገተ ገባና፣ «መሣሪያ የቀበርሽው እዚህ ነው?» አለኝ።

«የቀበርሁት የለም፤ የተከልሁት ወይራ ነው።»

«ደረቅ እንጨት ማን ይተክላል?» ብሎ ደንገሉን ገለጠና አንዱን መዘዘው። ምን ልበላችሁ፣ ከጫፉ እንደ ክር የነጣ ሥር ተንጠልጥሎ አየሁ። ጠመንጃውን ረሳሁትና፣ «መልሰው! ሥር አውጥቷል!» ብዬ ጮህሁበት። ሥሩን አየው። ከዚያ በርከክ ብሎ መልሶ ተከለው፤ ደንገሉንም አለበሰው። ወደ መኮንኑም ዞሮ በእነሱ ቋንቋ አንድ ነገር ተናገረ።

«ምን አልኸው?» አልሁት።

«የልጇ መቃብር ነው አልሁት። አልቅሽ እንጂ እናቴ፣ እያየን ነው።»

መኮንኑ ቆቡን አወለቀ። አንድ ልጄ ያን ጊዜ ከአርበኞች ጋር ዱር ነበር። በሕይወት ላለ ልጅ እንዴት ይለቀሳል ብዬ ከንፈሬን ነከስሁ። ደግሞ መደቡን አየሁት። «ጌታ ሆይ፣ አትቁጠርብኝ» አልሁና አለቀስሁ።